ቫልቩ ተቀየረ፤ ከዚያ በኋላስ?

በእኛ አገር የልብ ኦፕራሲዮን አድርጎ የተመለሰን ሰው ሁለት ዓይነት ጎረቤት ይቀበለዋል። አንደኛው ሕመምተኛውን እንደ እንቁላል የሚያየው ነው፤ «አትነሺ፣ አትራመጂ፣ ተኝተሽ ብቻ ብይ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ብረት ተገጥሞልሽ የለ እንዴ! ከእኛ በላይ ጠንክረሽ መጣሽ» ብሎ በሳምንቱ ጀሪካን ሊያሸክም የሚዳዳው ነው። ጫግኒ ውስጥ ሁለቱንም በብዛት አግኝቻቸዋለሁ። ሁለቱም በፍቅር ነው የሚናገሩት፤ ሁለቱም ግን ሕመምተኛውን ይጎዱታል።

ውድ አንባብያን፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቄ ከሠላሳ ዓመት በላይ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የምጽፈው ስለ እህቴ ልጅ ነው። የልቧ ቫልቭ ሲቀየር አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሃያ አራት ደፍናለች። ከአዲስ አበባ ከተመለሰችበት ቀን ጀምሮ የኖረችው እኔ ቤት ነው፤ እናቷ የምትኖርበት ቀበሌ ከመኪና መንገድ የሦስት ሰዓት የእግር ጉዞ ይርቃልና። ስሟን እንዳልጽፍ ነግራኛለች። «ሌላውን ግን ሁሉንም ጻፊው አክስቴ፣ የሚጠቅመው ሰው አይጠፋም» ብላኛለች።

ከጉሮሮ እስከ ልብ

ልባችን አራት ቫልቮች አሉት። ደም ወደ ፊት እንዲሄድ እየተከፈቱ፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስ እየተዘጉ በቀን ወደ መቶ ሺህ ጊዜ የሚሠሩ ስስ በሮች ናቸው። በአገራችን ልጆችና ወጣቶች ላይ እነዚህን በሮች በዋናነት የሚያበላሸው የሩማቲክ ትኩሳት የሚባለው በሽታ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ልጁን ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ጉሮሮውን ያመዋል። ባክቴሪያውን ሊዋጋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ ጠላቱን ከወዳጁ መለየት ያቅተውና የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል። ዛሬ ጉልበት ያብጣል፣ ነገ ክርን፣ ከነገ ወዲያ ቁርጭምጭሚት። ቤተሰብ «ቁርጥማት ነው» ይላል፣ ወይም «ሲሮጥ ወድቆ ነው»። እብጠቱ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ ልብ ላይ የቀረው ጠባሳ ግን አይጠፋም። ይህ ሲደጋገም ቫልቩ ይደድራል፣ ይጠባል ወይም መግጠም ያቅተዋል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው በግራ በኩል ያለው ሚትራል የሚባለው ቫልቭ ነው፤ የእህቴ ልጅም የተቀየረላት እሱ ነው።

ጉሮሮው በታመመ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን የተሰጠው ልጅ ከሩማቲክ ትኩሳቱ ሊድን ይችላል። የእህቴን ልጅ ግን በሰባት ዓመቷ ጉሮሮዋን ባመማት ጊዜ የመንደር አዋቂ ዘንድ ወስደው እንጥሏን ነው ያስቆረጧት። ያን ጊዜ እኔ በሌላ ወረዳ ነበር የምሠራው። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አይነካውም፤ ቁስል ይጨምርበታል እንጂ።

በሽታው መጨናነቅን ይወዳል። በአንድ ክፍል ስድስትና ሰባት ሰው ተደራርቦ ሲተኛ የአንዱ ልጅ ጉሮሮ የሁሉም ጉሮሮ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ተፈናቅለው ከተማችን ዳር ባለው ራንች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሰፍረው በነበሩ ጊዜ፣ ጡረተኛ ብሆንም ለጥቂት ሳምንታት ሄጄ አግዤ ነበር። ሰው ሁሉ የሚፈራው ተቅማጥን ነበር፤ ተገቢም ነበር። እኔ ግን ከድንኳን ድንኳን የልጆቹን ጉሮሮ ሳይ ስለ አሥር ዓመት በኋላ ነበር የማስበው።

አምስት ሺህ ልብ፣ አንድ በር

የልብ ኦፕራሲዮን በአገራችን ታሪኩ አጭር ነው። የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከልን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ለብዙ ዓመታት ሥራው ልጆቹን ወደ ውጭ አገር መላክ ነበር። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። መጀመሪያ ላይ ኦፕራሲዮኑን በአብዛኛው የሚሠሩት በየጊዜው ከውጭ የሚመጡ የሐኪም ቡድኖች ነበሩ፤ ቀስ በቀስ የእኛው ልጆች ሠለጠኑና ቢላውን ተረከቡ። ንዑስ ርእሱ ላይ አምስት ሺህ ያልኩት አፍ አመል ሆኖብኝ ነው፤ ቁጥሩን አትያዙብኝ፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሕዝብ ግን በሺዎች የሚቆጠር መሆኑን በዚያ ግቢ አንድ ቀን የዋለ ሁሉ ያውቀዋል።

ከእኛ አካባቢ ካርቱም የሄዱም ነበሩ። ኢመርጀንሲ የተባለው የጣሊያን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 በካርቱም አጠገብ ሳላም የተባለ የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከል ከፍቶ ከጎረቤት አገሮች የሚመጡትንም ጭምር በነፃ ያክም ነበር። ቫልቫቸው እዚያ ተቀይሮ የተመለሱ ኢትዮጵያውያን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ያ መንገድም ጠበበ።

የእህቴ ልጅ ወረፋ የጠበቀችው አራት ዓመት ነው። በመጨረሻው ዓመት ከቤት እስከ ሽንት ቤት ስትሄድ ሁለት ጊዜ ትቆም ነበር፤ ሌሊት ሦስት ትራስ ተደግፋ እንጂ ጋደም ብላ መተኛት አትችልም ነበር። ይህን የምነግራችሁ ኦፕራሲዮኑ ምን ያህል እንደሚመልስ እንድታውቁት ነው። ከአንድ ወር በኋላ በአንድ ትራስ ተኛች።

ብረት ወይስ የእንስሳ?

እህቴን በጣም ያስጨነቃት ጥያቄ አንድ ነበር፤ «የአሳማ ነው አሉ የሚያደርጉላት፣ እውነት ነው?» አለችኝ። ቫልቭ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከአሳማ ቫልቭ ወይም ከከብት የልብ ሽፋን የሚሠራ ነው፤ ጥሩነቱ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ደም ማቅጠኛ አያስፈልገውም። ችግሩ ያረጃል፤ በወጣት ሰው ላይ ደግሞ ቶሎ ያረጃል፤ ያኔ እንደገና ደረት መክፈት ነው። ሁለተኛው ብረት የምንለው ነው። መጀመሪያ የተሠራው በጎጆ ውስጥ እንደምትንከባለል ኳስ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ አልበርት ስታር የተባለ ሐኪምና ሎዌል ኤድዋርድስ የተባለ ኢንጂነር እ.ኤ.አ. በ1960 ሰው ላይ የገጠሙት ያ ነው። ዛሬ በብዛት የሚገጠመው ግን እንደ ሁለት ተካፋች መስኮት የሆነ፣ ከጠንካራ ካርቦን የተሠራ ነው። ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ነገር ግን ሰውነት ባዕድ መሆኑን ስለሚያውቅ ደም እዚያ ላይ መርጋት ይፈልጋል። የረጋው ደም ቫልቩን ሊያንቀው ወይም ተነሥቶ ወደ አንጎል ሄዶ ሰውነትን በአንድ ጎን ሊያሽመደምድ ይችላል።

ለእህቴ ልጅ የተገጠመው ብረቱ ነው። ለወጣት በአብዛኛው የሚመረጠው እሱ ነው። እህቴም እፎይ አለች። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ዋርፋሪን ከሚባል ኪኒን ጋር ተጋብታለች፤ ይህ ጋብቻ ፍቺ የለውም።

የደረት አጥንትና አክንባሎ

ለኦፕራሲዮኑ የደረት አጥንት መሐል ለመሐል በመጋዝ ይከፈታል። ልብ ቆሞ የልብንና የሳንባን ሥራ ማሽን እየሠራ ቫልቩ ይቀየራል። ከዚያ አጥንቱ በብረት ሽቦ ይታሰራል፤ ሽቦው አይወጣም፣ እዚያው ይኖራል። እንግዲህ ይህ አጥንት እንደ ተሰበረ እግር ነው፤ ልዩነቱ ጀሶ የማይታሰርለት፣ በየትንፋሹም የሚንቀሳቀስ መሆኑ ነው። እስኪገጥም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ በደንብ እስኪጠና ድረስ ሦስት ወር ያህል ይፈጃል።

ከሆስፒታል በተሰጠን ወረቀት ላይ «ከ5 ኪሎ በላይ አታንሺ» ይላል። አምስት ኪሎ ለከተማ ሰው የዘምቢል ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ቤት ግን ምንድን ነው? ከጎረቤት ሱቅ ሚዛን ተውሼ ዕቃውን ሁሉ መዘንኩት። የ20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ያ ግልጽ ነው። ግማሽ የተሞላ የሊጥ ባልዲ ወደ 8 ኪሎ ገባ። የሁለት ዓመቱ የልጅ ልጄ 11 ኪሎ ሆነ፤ እሱን ማንሣትም ማዘልም ተከለከለ፤ አልቅሶ ነበር፣ ለመደው። አክንባሎው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ክንድ ዘርግቶ ማንሣት ነውና እሱም ቀረ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሚዛን ላይ የማይወጣው ነው፤ ልብስ መጭመቅ። ሁለት እጅ ወደ ተቃራኒ ሲዞር የደረቱን ሁለት ጎን ይጎትታል። ሦስት ወር ሙሉ ልብስ አላጠበችም፣ እንጀራ አልጋገረችም። በሰፈሩ «ሰነፍ ሆነች» ተብሏል። ይባል።

አልጋ ላይ ስትነሣ እጇን ተደግፋ እንዳትነሣ፣ መጀመሪያ በጎኗ ተንከባልላ፣ እግሯን አውርዳ፣ ከዚያ ቀና እንድትል አለማመድኳት። መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቶ መተኛት ለዚህ አይመችም፤ ከፍ ያለ አልጋ ያስፈልጋል። ሽንት ቤታችን የቁጢጥ ነው፤ ከቁጢጥ ለመነሣት ደግሞ ግድግዳ መጎተት ግድ ነው። አናጢ ጠርተን መሐሉ የተበሳ ወንበር አሠራን። ብዙ ሰው ስለ መድኃኒቱ ይጠይቀኛል እንጂ ስለዚህ ወንበር የጠየቀኝ የለም፤ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ግን የጠቀመን እሱ ነው። ስታስል ወይም ስታስነጥስ የተጠቀለለ ጋቢ ደረቷ ላይ አጥብቃ ትይዛለች። ከአዲስ አበባ ስንመጣም መኪና ውስጥ ቀበቶውና ደረቷ መካከል ያንኑ ጋቢ አድርገናል፤ እግሯ ላይ ደም እንዳይረጋም በየሁለት ሰዓቱ አስቁመን አራምደናታል። ሾፌሩ ደብረ ማርቆስ ላይ ተማርሮብን ነበር፤ እንጅባራ ስንደርስ ግን እሱ ራሱ «ሰዓቱ ደርሷል፣ ትውረድ» አለ።

እግር ጉዞው መድኃኒት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እስከ ግቢው በር፣ በሁለተኛው እስከ ሱቁ፣ በስድስተኛው ሳምንት ግማሽ ሰዓት ያህል። ጫግኒ እንደ እንጅባራ ብርዳማ አይደለችም፤ ረፋዱ ላይ ይሞቃልና በማለዳ ነበር የምንወጣው። መለኪያው ቀላል ነው፤ እየተራመደች ማውራት ከቻለች ልኩ ነው፤ ወሬዋ ከተቆራረጠ ትቀመጥ። በየጠዋቱም ከቁርስ በፊት ትመዘን ነበር። በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ የጨመረ ሰው ወፍሮ አይደለም፤ ውኃ እየቋጠረ ነውና ሐኪሙ ይወቀው።

በሦስተኛው ሳምንት ያለ ምክንያት ማልቀስ ጀመረች። ምግብ አልቀምስ፣ ሰው አላናግር አለች። እናቷ «ቡዳ በልቷት ነው» አለች። ከትልቅ የልብ ኦፕራሲዮን በኋላ እንቅልፍ ማጣት፣ መርሳት፣ ሆደ ባሻ መሆን የተለመደ ነው፤ ከሕመምተኛው በላይ ደግሞ ቤተሰቡ ይደነግጣል። ለእሷ ቀስ በቀስ ለቀቃት። ከሁለት ወር በላይ የሚቆይበት ሰው ግን ይታይ።

ሌላው የድምፁ ነገር ነው። የብረቱ ቫልቭ ሲዘጋ ይሰማል። ሌሊት ሁሉም ጸጥ ሲል ከአጠገቧ የተኛ ሰው ቲክ ቲክ ሲል ይሰማዋል። ትልቁ የልጅ ልጄ «ሰዓት ውጠሽ ነው?» ብሎ ጠይቋታል። መጀመሪያ ያስፈራት ነበር፤ አሁን ድምፁ ነው የሚያስተኛት። ያ ጥርት ያለ ድምፅ ድንገት ከታፈነ ወይም ከጠፋ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ነው።

የአይጥ መርዙ ኪኒን

ስለ ዋርፋሪን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ከብት አርቢ ለሆነው የአዊ ሰው ይጥመዋል ብዬ ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካ ከብቶች ያለ በሽታ እየደሙ ያልቁ ጀመር። ቀንዳቸውን ሲቆረጡ ደሙ አይቆምም፤ ሲኮላሹም እንዲሁ። ምክንያቱ የሻገተ የመኖ ሣር ሆኖ ተገኘ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ካርል ሊንክ የተባለ ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር ከዚያ ሣር ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ለየ። ከዚያ የተወለደው ዋርፋሪን መጀመሪያ ገበያ የወጣው ለአይጥ መርዝነት ነው። ለሰው ሕክምና የተፈቀደው በ1954 ሲሆን በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲያማቸው ተሰጥቷቸዋል። ይህን ታሪክ ለእህቴ ልጅ የነገርኳት ላስፈራራት አይደለም። መጠኑ ሲያንስ ደም የሚያረጋ፣ ሲበዛ የሚያደማ ነገር በእጇ መሆኑን እንዳትረሳው ነው።

ልኩን የሚነግረን አይ.ኤን.አር. የሚባለው የደም ምርመራ ነው። ጤነኛ ሰው ወደ 1 ነው። ሚትራል ቫልቩ በብረት የተቀየረ ሰው በአብዛኛው ከ2.5 እስከ 3.5 መካከል እንዲሆን ይፈለጋል፤ የእያንዳንዱን ግን ሐኪሙ ይወስናል። መጀመሪያ በየጥቂት ቀኑ፣ ሲረጋጋ በየወሩ ይለካል። ኪኒኑ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይዋጣል፤ እኛ ቤት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ዜና ጋር ነው። የተረሳ ኪኒን በማግሥቱ ደርቦ አይዋጥም። የመጠን ለውጥም ዛሬ ተደርጎ ዛሬ አይታይም፤ ቀናት ይፈጃል።

አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል፤ የኪኒኑ ቀለም። አሜሪካ ያለ ዘመድ ሮዝ ዋርፋሪን ይልካል፤ የአሜሪካው ሮዝ 1 ሚሊግራም ነው። የእንግሊዙ ሮዝ 5 ሚሊግራም ነው። ሌላ አገር የተሠራው ደግሞ የራሱ ቀለም አለው። «የተለመደው ሮዙ» ብሎ የዋጠ ሰው አምስት እጥፍ ሊሳሳት ይችላል። ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ ማንበብ የማይችል ሰው ፋርማሲው ያንብብለት።

ጾምና ጎመን

ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬ ላይ ነው፤ ቫይታሚን ኬ ደግሞ በብዛት ያለው ጎመንና ቆስጣን በመሰለ አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ጎመን ክልክል ነው» ብሎ ያውጃል። አይደለም። ክልክሉ መዋዠቁ ነው። ኪኒኑ የሚለካው በምትበሉት ልክ ነውና ዛሬ አንድ ሳህን ጎመን፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት ምንም ከሆነ ልኩ ይናጋል።

እዚህ ላይ የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጅ መጽሐፍ ጋር አይገጥምም። የኦርቶዶክስ አማኝ በዓቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን አትክልትና ጥራጥሬ ላይ ይውላል፤ ፋሲካ ሲመጣ ጎመኑ ይረሳል፣ ሥጋው፣ ጠላው፣ አረቄው ይመጣል። ከብዙ ጊዜ ልምድ በኋላ እኛ ቤት የደረስንበት ዘዴ ይህ ነው፤ ጾምም ይሁን ፍስክ ልጅቷ በሳምንት ሦስት ቀን አንድ ጭልፋ ጎመን ትበላለች። በፋሲካ ከዶሮው ጎን ጎመን ሲቀርብ እንግዳ ይስቃል። ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንትና ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ምርመራውን እናሠራለን። አረቄ ጨርሶ አትቀምስም። ጠያቂ ሁሉ እየያዘ የሚመጣውን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በወጥ ልክ እንጂ እየወቀጡ በማር መላስ ተከልክሏል፤ በብዛት ሲወሰድ መድማትን ይጨምራል።

የጠበልም ነገር ተነሥቶ ነበር። በጠበል አምናለሁ፤ ያደግኩበት ነው። ነገር ግን «መድኃኒቱን ተይና ጠበሉን ብቻ ያዢ» የሚል ምክር ለብረት ቫልቭ የሞት ምክር ነው። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ለሚወስዱ ምእመናን ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። ያንን ነው ለእህቴ የጠቀስኩላት። ልጅቷ ጠበል ትጠጣለች፤ ማታ ኪኒኗን ትውጣለች።

መድኃኒት ከመድኃኒት

ጓዳችን ውስጥ ያሉ የተለመዱ መድኃኒቶች ከዋርፋሪን ጋር አይስማሙም። ለአሜባና ለጃርዲያ ሁሉም ሰው ያለ ወረቀት የሚገዛው ሜትሮኒዳዞል የደሙን ቅጥነት ከፍ ያደርገዋል። ኮትራይሞክሳዞልና ሲፕሮፍሎክሳሲንም እንዲሁ። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፣ በጣም ያወርደዋል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራ ያደማሉ፤ ለራስ ምታት ፓራሲታሞል በልኩ ይሻላል። እኔ ያደረግኩት በካርቶን ላይ በትልቁ «ዋርፋሪን እወስዳለሁ፣ የልቤ ቫልቭ ብረት ነው» ብዬ ጽፌ፣ በላስቲክ አሽጌ መታወቂያዋ ውስጥ መክተት ነው። አንድ ቀን ወድቃ ራሷን ብትስት የሚያነሣት ሰው ያነብበዋል።

ጥርስ ማስነቀልም ዋዛ አይደለም። ከአፍ የሚነሣ ባክቴሪያ በደም ሄዶ ቫልቩ ላይ ሊሰፍር ይችላል፤ ይህ ሲሆን ገዳይ ነው። ስለዚህ ከመነቀሉ ቀደም ብሎ ሐኪሙ የሚያዘው አሞክሳሲሊን አለ። የቀናት ትኩሳት ሲመጣም «ወባ ነው» ብሎ በግምት ከመዋጥ በፊት ቫልቯን ለሚያክማት መንገር ያስፈልጋል። ጫግኒ ወባ አለ፤ ይመርመር፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም።

ቫልቩ ተቀይሮም ወርኃዊው የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ አይቀርም፤ ሌሎቹን ሦስት ቫልቮች ይጠብቃልና። አንዳንድ ሕመምተኞች ከመርፌው በኋላ ሲወድቁ ስለታየ ብዙ ባለሙያ ይፈራዋል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 ባወጣው ምክር፣ ከእነዚህ አደጋዎች ብዙዎቹ ከአለርጂ ይልቅ በጣም የደከመ ልብ ችግር ሊሆኑ እንደሚችሉ ገልጿል፤ ልባቸው ክፉኛ ለታመመ ሰዎች በአፍ የሚወሰደው እንዲታሰብላቸው ነው የመከረው። ለሌላው ሰው ቁርስ በልቶ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ጋደም ብሎ መወጋት ፍርሃቱንም አደጋውንም ይቀንሳል።

መንገዱ ሲዘጋ

ከዚህ ሁሉ ያስጨነቀን ግን መንገድ ነው። የአይ.ኤን.አር. ምርመራ ሁልጊዜ በቅርብ አይገኝም፤ መሣሪያው ሲኖር ኬሚካሉ ያልቃል። ብዙ ጊዜ ባሕር ዳር ነው የምንሄደው፤ ሲሄዱ አንድ ቀን፣ ሲመለሱ አንድ ቀን፣ አልጋ፣ ምግብ። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ክልላችን ባለበት ሁኔታ መንገዱ ለሳምንታት የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። በአንዱ ወቅት ኪኒኑ ሲቆጠር አሥራ አንድ ቀርቶ ነበር። ከተማው ውስጥ ባሉት ፋርማሲዎች ሁሉ አልነበረም።

የረዳን ሰው እንጂ ዕቃ አልነበረም። ልጅቷ ቀደም ብላ ቀጠሮ ስትጠብቅ ከእኛው አካባቢ የሄዱ ሁለት ሰዎች ተዋውቃ ስልክ ተቀያይረው ነበር፤ አንዱ በካርቱም ቫልቫቸው የተቀየረ መምህር ናቸው። መምህሩ የሦስት ወር ኪኒን አስቀምጠው ነበርና የሃያ ቀን አካፈሉን። ቁጥሩ ያንኑ ሚሊግራም መሆኑን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። መንገዱ ሲከፈት ከፍለናቸዋል። ከዚያ ወዲህ አምስት ሆነዋል፤ ማን ስንት ኪኒን እንደ ቀረው በየወሩ መጀመሪያ ይደዋወላሉ፣ ባሕር ዳር የሚሄደው ለሌላውም ይገዛል። የደም ናሙናው በትክክለኛው ብልቃጥ ከተቀዳ በ24 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ ስለሚችል፣ በጠዋት መኪና ናሙና ልከን ውጤቱን በስልክ የሰማንበት ጊዜም አለ። ጣት ወግቶ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ እንዳለ አውቃለሁ፤ የወረቀቱ ዋጋ ግን አይቀመስም። ሲመስለኝ አንድ መሣሪያ ለአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ ቢሰጥ ከአንድ አምቡላንስ ያላነሰ ነፍስ ያድናል። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 የሩማቲክ የልብ ሕመምን ከአህጉሪቱ ለማጥፋት ያወጣው መግለጫ የአዲስ አበባን ስም የያዘ ነው። ስሙን ከሰጠን፣ ኪኒኑን ጫግኒ ማድረስ የሚያቅት አይመስለኝም።

ሙሽሪት

አሁን ሌላ ነገር መጥቷል። ልጅቷ ታጭታለች። እጮኛዋ ጠባሳዋንም ድምፁንም ያውቃል። እህቴ ደግሞ የልጅ ልጅ ትፈልጋለች፤ በየስልኩ ትጠይቃለች።

ዋርፋሪን በተለይ ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው የእርግዝና ሳምንት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ ኪኒኑ በቀን ከ5 ሚሊግራም ሲበልጥ አደጋው ይጨምራል። የእህቴ ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን 7.5 ነው የምትወስደው። በምትኩ ሄፓሪን የሚባል ወደ ፅንሱ የማያልፍ መርፌ አለ፤ ግን በቀን ሁለት ጊዜ መወጋት፣ በቅርብ መለካትም ይጠይቃል፤ ቫልቩ ላይ ደም የመርጋት አደጋውም ከፍ ይላል። እንዲያው «እግዚአብሔር ያውቃል» ተብሎ የሚገባበት አይደለም። እስኪወሰን ድረስ ኤስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ደም ስለሚያረጋ ለእሷ አይሆንም፤ በክንድ የሚቀበረውን አድርጋለች።

ለእህቴ ይህን ሁሉ በአገውኛ፣ ቀስ ብዬ ነግሬያታለሁ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ «እሷ ከሌለች የልጅ ልጅ ምን ያደርግልኛል» አለች፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ደውላ እንደገና ጠየቀች። እጮኛው ግን «አብሬ እገባለሁ፣ ሐኪሙ ለሁለታችን ይንገረን» ብሏል። የልብ ሐኪምና የማኅፀን ሐኪም በአንድ ቀን የሚያዩአቸው ቀጠሮ ተይዟል፤ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛ ሳምንት፣ የአይ.ኤን.አር. ምርመራዋ በሚደርስበት ቀን። መኪናው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው የሚነሣው፤ ሦስታችንም ቦታ ይዘናል።